ፎቶ መስሎ የገባው ሰላይ፦ የርቀት መቆጣጠሪያ ትሮጃን ታሪክ ከውጭው ዓለም እስከ ሰፈራችን ፍላሽ



ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት ወንድማችን ፍላሹን ይዞ መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የትምህርት ማስረጃውን ካሳተመ በኋላ ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነውበታል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው» ብሎ ሸኝቶታል። እሱ ግን አልተዋጠለትም። «ኡስታዝ፣ ይሄ ነገር ፋይል ከመደበቅ ሌላ ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ሊያናድደን ብቻ ነው የተሠራው?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ከታሪኩ ጀምሬ ልመልስ።

📌 ስሙ ከየት መጣ?

«ትሮጃን» የሚለው ስም ከጥንት ግሪኮች ተረት የመጣ ነው። የትሮይን ከተማ ከብበው መግባት ያቃታቸው ወታደሮች ትልቅ የእንጨት ፈረስ ሠርተው በር ላይ ትተው የሄዱ መሰሉ። የከተማው ሰው ስጦታ መስሎት በገዛ እጁ ጎትቶ አስገባው። ፈረሱ ሆድ ውስጥ የተደበቁት ወታደሮች ሌሊት ወጥተው በሩን ከፈቱ።

የኮምፒውተር ትሮጃንም እንደዚሁ ነው። ቫይረስ ራሱን እያባዛ ይዛመታል፤ ትሮጃንን ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ያስገባዋል። ከትሮጃኖች ሁሉ የከፋው ሌላ ሰው ኮምፒውተራችንን ከሩቅ እንዲያዝበት የሚያደርገው ነው። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ራት» ይሉታል (የማታው ራታችን አይደለም)። አንዴ ከገባ የምንጽፈውን ፊደል በሙሉ ይመዘግባል፣ የይለፍ ቃላችንን ይወስዳል፣ ስክሪናችንን ፎቶ ያነሳል፣ ማይክና ካሜራ ይከፍታል፣ ፋይል ያወጣል፣ ፋይልም ያስገባል። ትእዛዝ ለመቀበል ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ራሱ ይደውላል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣን ብቻ የሚከለክል አጥር አያስቆመውም።

📌 ከቀልድ ወደ ወንጀል

እ.ኤ.አ. በ1998 «ኔትባስ» የሚባል ፕሮግራም ከስዊድን ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር አንድ የአሜሪካ ሃከሮች ቡድን «ባክ ኦሪፊስ» የተባለውን ላስ ቬጋስ ላይ ለሕዝብ አሳየ። ብዙ ወጣቶች የጓደኛቸውን ሲዲ ማጫወቻ ከሩቅ እየከፈቱና እየዘጉ ሳቁበት።

ሳቁ ብዙም አልቆየም። በ1999 በስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሕግ ምሁር የሥራ ኮምፒውተር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ በሕግ የተከለከሉ የሕፃናት ምስሎች ተገኙ። ሰውዬው ሥራውን አጣ፣ ስሙ ጠፋ፣ አገር ለቆ ተሰደደ። ነጻ የተባለው በ2004 ነው፤ ምስሎቹ በኔትባስ አማካኝነት ከሌላ ቦታ የተጫኑ መሆናቸው ስለታመነ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ራት ያለንን ከመስረቅ አልፎ ያላደረግነውን በስማችን ሊያስቀምጥ ይችላል። «እኔ የሚደበቅ ነገር የለኝም» የሚለው መልስ የማይበቃው ለዚህ ነው።

📌 ወደ አገራችን ሲመጣ

ከዚያ በኋላ ነገሩ ንግድ ሆነ። የአውሮፓ ድርጅቶች ራትን «ሕጋዊ የክትትል መሣሪያ» ብለው ለመንግሥታት መሸጥ ጀመሩ። የእንግሊዝና ጀርመኑ ጋማ ግሩፕ ምርት «ፊንስፓይ» ይባል ነበር።

በመጋቢት 2005 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ማዕከል አንድ ሪፖርት አወጣ። በዚያን ጊዜ በሽብርተኝነት ተፈርጆ የነበረው የግንቦት 7 ንቅናቄ አባላት ፎቶ ለማጥመጃነት ውሏል። ፋይሉን የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፤ ከጀርባ ግን ፊንስፓይ ይጫናል። ፕሮግራሙ ይደውልበት የነበረው አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ውስጥ የሚገኝ ነበር።

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህን ሪፖርት ተከትሎ ኮምፒውተሩ ሲመረመር ፊንስፓይ ተገኘበት። በፍርድ ቤት የሚታወቀው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ነው። የገባበት ከሌላ ሰው በደረሰው የኢሜይል አባሪ የወርድ ሰነድ ነበር። ለአራት ወር ተኩል ያህል የስካይፕ ጥሪዎቹና ኢሜይሎቹ ሲቀዱ ቆይተዋል። በተመሳሳይ ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ቤተሰቦቹም አልቀሩም። ሪፖርቱ ከወጣ ከአምስት ቀን በኋላ ፕሮግራሙ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ነገር ግን ዱካው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ማስረጃ የሆነውም ይኸው የቀረው ዱካ ነው።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የኢሳት ጋዜጠኞች ሆነ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። አንዱ «ለኢሳት የሚሆን ጽሑፍ» የሚል ነበር። ምልክቱ ሰነድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ፕሮግራም ነው። ሲቲዝን ላብ መሣሪያው «ሃኪንግ ቲም» የሚባለው የጣሊያን ድርጅት ምርት እንደሚመስል ገለጸ። በዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲህ ያለ መሣሪያ አንጠቀምም ብሎ አስተባበለ።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ሌባው ራሱ ተሰረቀ። ሃኪንግ ቲም በሌላ ሃከር ተበረበረና 400 ጊጋባይት የሚሆን የውስጥ መረጃው አደባባይ ወጣ። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ከደንበኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። የድርጅቱ ሠራተኞች ደንበኛው ዕቃውን በግዴለሽነት እየተጠቀመ አስጋለጠን ብለው እርስ በርስ ሲጻጻፉም ታየ።

ሦስተኛው ምዕራፍ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ተጋለጠ። ይህኛው የእስራኤሉ ሳይበርቢት ድርጅት ምርት ነበር። ማጥመጃው ወደ ታወቁ የቪዲዮ ገጾች የሚወስድ የሚመስል ሊንክ ሲሆን፣ ሲከፈት «ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ» ይላል። የሚወርደው ግን ሰላዩ ነው። የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ ከታለሙት አንዱ ነበር። ሰላዮቹ የተጠቂዎቻቸውን መዝገብ ሳይቆልፉ ኢንተርኔት ላይ ስለተዉት ተመራማሪዎቹ በ20 አገሮች የተያዙ መሣሪያዎችን ለመቁጠር ቻሉ።

📌 ፍርዱስ?

ኪዳኔ የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን አልቀበልም አለ። ተሰልሏል ወይስ አልተሰለለም የሚለውን አልወሰነም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብቱ ይጠበቃል ነው ያለው። በአገራችን በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ተጀሱስ በዲናችን የተከለከለ መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። የሚስቱን ወይም የጓደኛውን ስልክ «ለመፈተሽ» አፕ የሚጭን ወንድም ካለ እሱም እዚሁ ውስጥ ነው።

📌 እኛ ጋ እንዴት ይገባል?

«እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም፣ ማን ይሰልለኛል?» ትሉ ይሆናል። ተራ ሌቦችም ተመሳሳይ ዕቃ በነጻ ያገኛሉ። ያ ሾርትከት የሚያደርገው ተባይ ራሱ አንዳንዱ ዓይነት ራት ነው፦ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ስንጫነው ፎልደሩም ይከፈታል፣ እሱም ይነሳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነበር የሚዞረው። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ያለ ሰው ይህን ያስታውሳል። ኢንተርኔት ሲመለስ የተደበቀው ሁሉ መደወል ይጀምራል። ሌሎቹ በሮች ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርና በቴሌግራም የሚላክ የኤፒኬ ፋይል ናቸው።

📌 ከገባስ እንዴት ይወጣል?

1️⃣ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፤ ዋይፋይም ዳታም። ትእዛዝ እንዳይደርሰው ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ምንም የይለፍ ቃል አትጻፉ።

2️⃣ ንጹሕ በሆነ ሌላ ስልክ የኢሜይል፣ የቴሌግራምና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። ቴሌግራም ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን መሣሪያ አስወጡ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ።

3️⃣ በተያዘው ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ዲፌንደር «ፉል ስካን»፣ ቀጥሎም «ኦፍላይን ስካን» አድርጉ። ሁለተኛው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ስለሚፈትሽ የተደበቀውን የማግኘት ዕድሉ ይሻላል። ታስክ ማናጀር ላይ «ስታርትአፕ» የሚለውን አይታችሁ የማታውቁት ነገር ካለ አጥፉ።

4️⃣ ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ሰነድና ፎቶ ብቻ ቅዱ፤ ፕሮግራም አትቅዱ። ከዚያ ዊንዶውሱን ከትክክለኛ ምንጭ እንደ አዲስ አስጭኑ። ስካን «ንጹሕ ነው» ስላለ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ እንደ ፊንስፓይ ያሉት ከአንቲቫይረስ እንዲሰወሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ክራክ ዊንዶውስ መልሶ መጫን ግን ሌባውን በጓሮ አስወጥቶ በደጅ ማስገባት ነው።

5️⃣ ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን አማራጭ አብሩ። የወንድማችን ማስረጃ አልጠፋም ነበር፣ ተደብቆ ነው ያገኘነው። የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይም አድርጉ። ፎቶ መስሎ በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ፋይል ፎቶ አይደለም።

6️⃣ ስልክ ከሆነ የማታውቁትን አፕ አጥፉ፤ «አክሰሲቢሊቲ» ፈቃድ የተሰጠው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ካልሆነ ፎቶና ስልክ ቁጥር አስቀምጣችሁ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በራሴም ስለደረሰ ነው። የጀመዓችን ላፕቶፕ ላይ የየቲሞች ስምና የሚረዷቸው ሰዎች ስልክ አለ። አንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የመጣ ፍላሽ ሳልፈትሽ ሰካሁበት፣ ሾርትከቱንም ራሴ ተጫንኩት። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጫንን፣ የይለፍ ቃሎቹንም ቀየርን። ዝርዝሩ ወጥቶ ይሁን አይሁን ግን እስከ ዛሬ ማወቅ አልቻልኩም። ያ ዝርዝር የኔ አልነበረም፣ አማና ነበር። እናንተም ስልካችሁ ላይ የእናታችሁ ፎቶ፣ የጓደኛችሁ ምስጢር፣ የሰው ገንዘብ አለ።

ይህን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ሙዚቃ ቤት ለሚሠራ ወንድማችሁ አድርሱለት። ወሰላሙ ዐለይኩም።