በዝርዝር ያልገቡ መዝሙሮች

ዓመት ሲያልቅ በእናንተም መካከል የሚነሣውን ክርክር ታውቁታላችሁ፦ «የዓመቱ ምርጥ አልበም የማን ነው?» በሰመራ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ወንበር ወደ ውጭ አውጥተን፣ ነፋስ እየጠበቅን በተቀመጥንበት አንድ የጳጉሜን ምሽት ይኸው ጥያቄ ተነሣ። አንዱ የዩቲዩብ ተመልካቾችን ቁጥር ጠራ። አንዲት እህት «ቁጥር መልእክትን አይመዝንም» አለች። ከአዋሽ ሰባት የመጣ ወንድም ደግሞ በስልኩ አንድ የቆየ የኳየር መዝሙር ከፈተና «ይህ ዘንድሮ በድጋሚ ወጥቷል፤ ከዘንድሮ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?» ሲል ጠየቀ። በስልኩ ላይ የተጻፈው «የድሮ መዝሙር» የሚል ብቻ ነበር። የደራሲው ስም፣ የኳየሩ ስም፣ የተዘመረበት ዓመት፣ አንዱም የለም። ይቆጠር አይቆጠር በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። ማን እንደ ዘመረው ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም።

የወንድማችን ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአገራችን በሸገር ኤፍ ኤም የሚተላለፈው «ለዛ» የተባለው የሬዲዮ ፕሮግራም በአድማጮች ምርጫ የዓመቱን አልበም ሲሸልም ቆይቷል። በውጭ አገርም መጽሔቶች ዓመቱ ሲያልቅ የምርጦችን ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለዳግም ኅትመት፣ ማለትም ከገበያ ጠፍቶ ቆይቶ እንደገና ለታተመ ሥራ፣ ለብቻው ስፍራ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ የቆየ ሙዚቃ በዓለም ዘንድ የታወቀው በአብዛኛው በዚህ በር ገብቶ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። በ1969 ሙዚቃ ቤት የነበረው ዐምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ይህን ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አሳተመ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ዐምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ከሰማ በኋላ ነገሩን ተከታተለ፤ በ1986ም «ኧረ መላ መላ» በቤልጅግ እንደገና ታተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ይኸው ሰው በፓሪስ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ፤ 30ኛው ክፍል በ2017 ወጣ። 21ኛው ክፍል በ2006 የወጣው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነበር። ከ40 ዓመት በፊት የተቀዱ ሥራዎች በዚህ መንገድ ለአዲስ ትውልድ ደረሱ።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን የተጫወተበት አንድ ካሴት አወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ሰውየው ካሴቱን ወስዶ ዝም ብሎ አላሠራጨውም፤ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረውን ኃይሉን ፈልጎ በስልክ አነጋገረው፤ ፈቃዱንም አገኘ፤ ትርፉንም ከእርሱ ጋር ለመካፈል ተስማማ። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዳግም ኅትመቱ ድምፁን ብቻ ሳይሆን የድምፁን ባለቤትም ፈልጎ አግኝቷል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ዐምሃ ሸክላ በሚያሳትምበት በዚያው ዘመን የወንጌላውያን ወጣቶችም በየከተማው እየተሰበሰቡ አዲስ መዝሙር ይደርሱ ነበር። የሙሉ ወንጌል ወጣቶች በ1967 የምዝገባ ጥያቄያቸው ቢከለከልም መዘመራቸውን አላቆሙም። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖች ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 ተዘጋች፤ መሪዎቿም ታሰሩ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆየ። መዝሙሮቹ ግን ከእርሱ ጋር አልታሰሩም። ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዱ፣ ድምፃቸው በየግልባጩ እየደበዘዘ፣ ከቤት ወደ ቤት ሄዱ።

ስልካችሁ ላይ ያለው መዝሙር ስም የሌለው ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ትችላላችሁ። በዚያ ዘመን ካሴት ላይ ስም መጻፍ ሰውን ሊያሳስር ይችል ነበር። ስሙን የደበቁት ወንድማቸውን ለመጠበቅ ነበር። እኛ ግን ማንም ሳይከለክለን ስሙን ሳንጠይቅ ቀረን።

ይህን ስል ራሴን ነጻ አላደርግም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ በቤት ውስጥ ኅብረት ከጓደኞቿ ጋር የዘመረችበት አንድ ካሴት ቤታችን ነበር። እንዳይጠፋ ብላ ከላይ ያለውን ጥርሱን ሰብራዋለች። እኔ ደግሞ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቄ ከሬዲዮ የሰማሁትን ዘፈን ቀዳሁበት። እናቴ ስታውቅ አልተቆጣችም፤ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና በአንደኛው ገጽ ጫፍ ላይ ሳልደርስበት የቀረውን የመዝሙር ቁራጭ ስታገኝ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዘማሪዎቹ ሁለቱ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ያንን መዝሙር ማንም በምርጥ ዝርዝር አላስገባውም፤ እንደገና ሊያሳትመው የሚፈልግ ሰው ቢመጣም የሚያገኘው ነገር የለም።

በእኛ አካባቢ ነገሩ ይበልጥ ያስቸኩላል። አዋሽ የባቡር ከተማ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በእርሷ በኩል አልፎ ነው። ሰመራ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ላይ የተሠራች አዲስ ከተማ ናት። በጉባኤዎቻችን ካሉት ብዙዎቹ በባቡር ሥራ፣ በመምህርነት፣ በመንግሥት ሥራ ወይም በውትድርና ከሌላ ስፍራ የመጡ ናቸው፤ መዝሙራቸውንም በሻንጣ ይዘው መጥተዋል። የአፋር ሙቀት በበጋው ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ካሴት እንዲህ ያለውን ሙቀት ለዘለዓለም አይችልም። መዝሙሮቹን የሚያውቁ እናቶችና አባቶችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 25 ላይ አንድ የመዘምራን ዝርዝር አለ። በ24 ምድብ የተከፈሉ 288 ሰዎች ናቸው፤ የየምድቡ አለቃ በስሙ ተጠርቷል። ይህ ዝርዝር ግን ማን ይበልጣል ብሎ አልተዘጋጀም። ተራው የወጣው በዕጣ ነው፤ ታናሹም ታላቁም፣ አስተማሪውም ተማሪውም በአንድ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ። ስማቸው የተጻፈው ሥራቸው እንዲታወቅ ነው። ምርጥ መምረጥ ኃጢአት ነው አልልም፤ እኔም የምወደው አልበም አለኝ። ነገር ግን ምርጫ የሚጠቅመው መጀመሪያ የሚመረጠው ነገር ሲኖር ነው።

ስለዚህ በመጪው ወር በየኅብረታችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ወደ አንዲት እናት ወይም ወደ አንድ አባት ቤት ሂዱ። የቆየ ካሴት ካለ በስልካችሁ ቅዱት፤ ባይኖርም የሚያስታውሱትን መዝሙር አዘምሯቸው። ከዚያ አራት ነገር ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፦ ማን ደረሰው? ማን ዘመረው? የት? በየትኛው ዓመት? የማታውቁትን ባዶ ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት። ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ግን በኢንተርኔት አታውጡት። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ የወንድምን ድካም ያለ ስሙና ያለ ፈቃዱ መውሰድ ለእኛ አይገባም።

የአዋሹ ወንድማችን ጥያቄ ያለ መልስ አልቀረም። በሚቀጥለው እሑድ መዝሙሩን ለአንዲት አረጋዊት እናት አሰማናቸው። እርሳቸው እስከ መጨረሻው አብረው ዘመሩ፤ በሌሎቻችን ዘንድ የማይታወቅ አንድ ስንኝም ጨመሩበት፤ የደራሲውንም ስም ነገሩን። አሁን በደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። ከዘንድሮ ይቆጠራል ወይ ለሚለው ግን መልሴ ይህ ነው፦ መዝሙሩ የዚያ ዘመን ነው፤ ስሙን መመለስ የዘንድሮ ሥራችን ነው።