የራይጋድ አምባ ስሞች

በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ሳህያድሪ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ከባሕር ጠለል 820 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ አለ። በእኛ አገር ቢሆን አምባ እንለው ነበር። በእግር የሚወጣውን ሰው ከ1,700 በላይ ደረጃዎች ይጠብቁታል።

የጥንት ስሙ ራይሪ ነው። የማራታው መሪ ሺቫጂ በ1656 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሞሬ ባላባቶች ነጥቆ ያዘው፤ ኋላም መናገሻው አደረገውና ራይጋድ ተባለ። በማራቲ ቋንቋ «ጋድ» የተራራ ምሽግ ሲሆን፣ «ራይ» ንጉሥን ያመለክታል፤ የንጉሥ አምባ እንደማለት ነው። ይህ ስም ቀላል አልነበረም። የሺቫጂ አባት ለሱልጣኖች ያደረ የጦር አዝማች ነበር፤ ልጁ ዘውድ ሊጭን ሲነሣም ዘሩ ለንግሥና አይበቃም ያሉ ካህናት ነበሩ። ጋጋ ብሃት የተባለ የቤናሬስ ሊቅ ሥርዓቱን መርቶ ጁን 6 ቀን 1674 እዚያው አምባ ላይ አነገሠው።

ግንባታውን የመራው ሂሮጂ ኢንዱልካር ነው። ስሙ በጃግዲሽዋር ቤተ መቅደስ ደረጃ ላይ ተቀርጿል፤ ለጸሎት የሚገባ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። ራሱን ከምእመናን እግር ሥር ያኖረ ግንበኛ ልቤን ይነካኛል።

ከአምባው ስሞች ሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን የአንዲት ወተት ሻጭ ነው። ሂራካኒ ከሥር ካለው መንደር ወተት ልትሸጥ ወጥታ አመሸች ይባላል። ጀምበር ስትጠልቅ ታላቁ በር ተዘጋ፤ ዘበኞቹም ልመናዋን አልሰሙም። ጡት የሚጠባ ልጇ ቤት ነበር። በጨለማ፣ እሾህ እየቧጠጣት፣ ጠላት አይደፍረውም በተባለው ገደል ወረደች። ሺቫጂ ይህን ሲሰማ ቀጣት አይባልም፤ ሸለማት፣ በወረደችበትም ቦታ ግንብ አቁሞ በስሟ ጠራው ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው፤ ግንቡ ግን ዛሬም የሂራካኒ ግንብ ይባላል።

ሺቫጂ በ1680 እዚሁ አረፈ። በ1689 ሞጉሎች አምባውን ያዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አውራንግዜብም ኢስላምጋድ ብሎ ሰየመው። ይህ ስም በሕዝቡ አፍ አልቆየም። ቀጥሎ የመጣው ባለቤት ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ ነው። አምባው በሲዲዎች እጅ ገባ፤ ሲዲዎች ከአፍሪካ ወደ ሕንድ የሄዱና የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ «ሀብሺ»ም ይባሉ ነበር። ከባሕር መካከል የቆመው የጃንጂራ ምሽግ የእነርሱ ነበር፤ ሺቫጂ በተደጋጋሚ ሞክሮ ሊይዘው ያልቻለው። እርሱ ደሴታቸውን ሳይረግጥ ሞተ፤ እነርሱ ግን መናገሻው ላይ ተቀመጡ። ማራታዎች ያስመለሱት በ1733 ነው።

በ1818 እንግሊዞች ከፊት ለፊት ካለው ኮረብታ በመድፍ ደበደቡት፤ ቤተ መንግሥቱም ተቃጠለ። የቀሩት የድንጋይ መሠረቶች፣ በሮችና ኩሬዎች ናቸው። በ2025 ዩኔስኮ ከሌሎች 11 የማራታ ምሽጎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ስሙ ደግሞ ከተራራው ወርዶ ተስፋፋ። ኮላባ ይባል የነበረው አውራጃ በ1981 ራይጋድ ተባለ። ጃንጂራም የምትገኘው በዚሁ አውራጃ ውስጥ ነው።