ስለ አዲስ አበባ ማገዶና ስለ ባሕር ዛፍ

በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ሠፈር በአንድ ስፍራ ብዙ ዘመን አይቀመጥም ነበረ። ለዚህም ካሉት ምክንያቶች አንዱ ማገዶ ነው፤ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተቈርጦ ዕንጨቱ ሲርቅ ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፤ የተተወውም ምድር ቀስ በቀስ ዱሩን መልሶ ያበቅል ነበረ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር ዕድልዋ እንዲሁ ይሆናል ተብሎ ነበረ። ከእንጦጦ ተዳፋት ጥዱና ወይራው ለቤት፣ ለአጥርና ለምድጃ ተቈረጠ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላም ዕንጨት ከሩቅ በአህያ የሚመጣ ሆነ። ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ዐስበው በዚያ ሕንፃ አስጀመሩ። ነገር ግን የውጭ አገር መልእክተኞች በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ቤት ሠርተዋል፤ ነጋዴውም ሱቁን ከፍቷል፤ ምድር ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሷል። ድንኳን ይነቀላል፤ ገበያ ግን እንደ ድንኳን አይነቀልም። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ነው። ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ማለቱ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ነው። ጥድ ለአንድ ትውልድ ሳይደርስ ይቀራል፤ ይህ ግን በአምስትና በስድስት ዓመት ለማገርና ለማገዶ ይደርሳል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ቡናና ቆዳ እያወጣ ቆርቆሮ ሲያስገባ፣ ለቆርቆሮው ክዳን ግድግዳውንና ማዋቀሪያውን የሰጠ ይኸው ዛፍ ነበረ። ባለ መሬቱ ከእህል ይልቅ ዕንጨት መሸጥ የሚሻለው ሆነ።

ነቀፋውም ቶሎ መጣ። ምንጭ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ከባሕር ዛፉ ሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅሎ በስፍራው እንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ታዝዞ እንደ ነበረ ተጽፏል። ትእዛዙ ግን እምብዛም አልተፈጸመም፤ ምድጃው ሳይጠፋ ማን ይነቅለዋል? ዛፉ ውሃ መጠጣቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በደሉን ሁሉ በዛፉ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል ጠርገው በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ገበያ የሚያወርዱ ድኾች ሴቶች ብዙ ዘመን በዚህ ኖረዋል። ቅጠሉ ሲጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ የክረምቱም ጎርፍ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ከተማይቱ በዚህ ሁሉ ዕንጨት አገኘች እንጂ ደን አላገኘችም፤ ከባሕር ዛፍ በታች እንደ ወይራ ጥላ ቍጥቋጦውና ሣሩ አይለመልምም።

የቀድሞው ደን ምን ይመስል እንደ ነበረ ማየት የሚሻ ወደ መናገሻ ይሂድ፤ በዚያ ያለውን ጥድ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። ደግሞም በብዙ አገር ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ በዚያ ያለው ዛፍ ለገበያ አይወጣም ነበርና። በዘመናችን ግን አንዳንዱ ደብር ለገቢ ሲል በቅጥሩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ መትከል ጀምሯል።