መቶ ማይል በሰዓት፦ የባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እውነተኛ ፍጥነት

እ.ኤ.አ. በማርች 1961 ከፓሪስ በስተደቡብ በሚገኘው የሞንትሌሪ የውድድር መም ላይ አንድ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ሲዞር ውሎ ሲዞር አደረ። ስሙ ቬሎሴት ቬኖም ነው። የሞተሩ መጠን 499 ሲሲ፣ ሲሊንደሩ ደግሞ አንድ ብቻ። ነጂዎች እየተፈራረቁ 24 ሰዓት ነዱት። ፋብሪካውን ከያዘው ቤተሰብ የሚወለደው በርቲ ጉድማን ራሱ ከነጂዎቹ አንዱ ነበር። ነዳጅ ለመቅዳትና ነጂ ለመቀየር የቆመበት ጊዜ ሳይቀር ተቆጥሮ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 100.05 ማይል ወይም 161 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያ በፊት የትኛውም ሞተር ብስክሌት 24 ሰዓት ሙሉ ከመቶ ማይል በላይ አማካይ ፍጥነት ይዞ አያውቅም።

የድሮ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ምን ያህል ይሮጣል? ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የፍጥነት መለኪያው ላይ የተጻፈውን ወይም ሻጩ የነገረውን ቁጥር ነው። ለአንድ ደቂቃ መሮጥና ለአንድ ቀን መሮጥ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1937 መመለስ ያስፈልጋል። በእንግሊዙ ብሩክላንድስ መም ላይ በውድድር መካከል አንዱን ዙር ከመቶ ማይል በላይ ለጨረሰ ነጂ ትንሽ የወርቅ ኮከብ ይሰጠው ነበር። በዚያ ዓመት ጁን ወር ዋልተር ሃንድሊ በቢኤስኤ 500 ሲሲ ሞተር አንዱን ዙር በ107.57 ማይል (173 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፍጥነት ጨረሰና ኮከቡን ወሰደ። ፋብሪካውም በማግስቱ ዓመት አዲሱን ሞተሩን «ጎልድ ስታር» ብሎ ሰየመው። የሃንድሊ ሞተር ግን ለውድድር ተብሎ የተዘጋጀና በአልኮል የሚሠራ ነበር። ደንበኛው ከሱቅ ገዝቶ የሚወጣው ሞተር ሌላ ነው።

ችግሩ ያለው እዚያው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። የቬኖም ፒስቶን በእያንዳንዱ ምት 86 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲመታ ይህ አንድ ፒስቶን በደቂቃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይመላለሳል፤ በየሴኮንዱም 200 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። ሥራውን የሚጋራው ሌላ ፒስቶን የለም። ንዝረቱ ብሎን ይፈታል፣ ሙቀቱ ቫልቭ ይበላል። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። ፍጥነት ከ100 ወደ 160 ኪሎ ሜትር ሲያድግ አየሩን ለመግፋት ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ቬኖም የነበረው ግን ወደ 36 የፈረስ ጉልበት ነው።

ስለዚህ ቁጥሮቹን ለየብቻ ማየት ይገባል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የነበረው ጎልድ ስታር 500 በጥሩ እጅ ሲስተካከል ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። እንደ ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት 350 ያለው የዘወትር ሞተር ጣሪያው 110 አካባቢ ነው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ያለ ጉዳት የሚሄዱት ግን ከጣሪያቸው በጣም ዝቅ ብለው ነው። የድሮው የከበሮ ፍሬንም ከዚያ በላይ አያስመኝም።

የሞንትሌሪው ድል በተገኘበት በዚያው 1961፣ ጁን ላይ፣ ማይክ ሄልውድ በማን ደሴት ተራራማ መንገድ ባለ አንድ ሲሊንደሩን ኖርተን ማንክስ እየነዳ የ500 ሲሲውን ውድድር አሸነፈ። አማካይ ፍጥነቱ 100.60 ማይል ነበር። የእንግሊዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የደረሰበት ከፍታ ይህ ነው። ሆኖም ያው ሄልውድ በዚያው ሳምንት የ125 እና የ250 ሲሲ ውድድሮችንም አሸንፏል፤ እነዚያን ያሸነፈው ግን በጃፓኑ ሆንዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ቬሎሴት ገንዘቡን ያፈሰሰበት ቫይስሮይ የተባለው ስኩተር ገዢ አጣ። በ1969 ሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደሩን ሲቢ 750 አወጣ። በቁልፍ ይነሳል፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፣ መቶ ማይልን ያለ ጭንቀት ያልፋል። ቬሎሴት በ1971 ተዘጋ። ቢኤስኤም ብዙ አልቆየም።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የሞንትሌሪው ቁጥር እውነተኛ ነበር፤ በሰዓት ተለክቶ፣ በላብ ተገኝቶ። ነገር ግን ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ሞተሩን በእግሩ ደጋግሞ እየመታ የሚያስነሳው ገዢ የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር። ለዚያ ጥያቄ ቀድሞ መልስ የሰጠው የጃፓኑ ፋብሪካ ነው።