ትኩሳት

ትኩሳት የሰውነት ሙቀት ከመደበኛው 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ከፍ ብሎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ የሚታይ የሕመም ምልክት ነው። ተሕዋስያን ወደ ሰውነት ሲገቡ በአንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ልኩን ከፍ ያደርጋል፤ በሽተኛው ቆዳው እየጋለ ብርድ ብርድ የሚለውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ዝቅ ብለው በሚገኙ አካባቢዎች፣ ይልቁንም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ትኩሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል። ሳይመረመሩ ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት መዋጥ አደገኛ ልማድ ነው፤ ታይፎይድ፣ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻና የሳንባ ምችም በትኩሳት ይጀምራሉና።

ልጅ ሲያተኩሰው በጋቢ ጠቅልሎ ማላብ የቆየ ልማድ ቢሆንም ሙቀቱ እንዳይወጣ ያፍነዋል። ልብሱን ማቅለል፣ ቶሎ ቶሎ ጡት ወይም ፈሳሽ መስጠት ይሻላል። ፓራሲታሞል የሚሰጠው በዕድሜ ግምት ሳይሆን በክብደት ተለክቶ ነው፦ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም፤ ገላን በአልኮል ማሸትም ሊመርዝ ይችላል።

ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው፣ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው በማንኛውም ዕድሜ አንገቱ ከገተረ፣ ዓይኑን ገልብጦ ከተንቀጠቀጠ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም መጠጣት ከተሳነው፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።