ወደ ጢስ ዓባይ የሚያደርሰው የእግር መንገድ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከጢስ ዓባይ ተነሥቶ በነባሩ የእግር መንገድ ወደ ፏፏቴው የሚያቀና ተጓዥ አስቀድሞ የአላታን ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ነው። ስለ ግንባታው ሲነገር የንጉሡና የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ስም ይነሣል፤ ድንጋዩን ፈልጦ የተሸከመው ሠራተኛ ግን ስሙ የለም።

ስለ ፏፏቴው የተጻፈውም የባዕዳን ሙግት የበዛበት ነው። በዚያው ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቶ ከዐለቱ ሥር መቀመጡን ጻፈ። በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው አለ። ነቃፊው ራሱ ግን 45 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወረውን ውሃ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ብቻ አድርጎ ገምቶታል! ከዚህም ሌላ ብሩስ ያየው ዝናብ የሞላውን ወንዝ ነበር። የበጋው ዓባይና የክረምቱ ዓባይ አንድ አለመሆናቸውን የአካባቢው ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል፤ እርሱን የጠየቀ ቢኖር ሙግቱ ባጠረ ነበር።

ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ብርሃንና ኃይል የሰጠው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህ ተገቢ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ጣቢያ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን አብዛኛው ውሃ ወደ ቦዩ ስለ ተጠለፈ፣ የገደሉን ዳር ደን የሚያረጥበው ጢስ በበጋ እጅግ ሳሳ። ዛሬ ድልድዩን ተሻግሮ የሚመጣ እግረኛ፣ በክረምት ወይም በመስከረም ካልደረሰ በቀር፣ ሁለቱ ጸሐፍት የተከራከሩበትን ፏፏቴ በሙሉ ግርማው አያገኘውም።