ጭስ፣ ምድጃና ማጣሪያ፦ የቤት ውስጥ አየር ታሪክ ከሺሺንዳ ማጀት ሲታይ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሺሺንዳና በዙሪያዋ ባሉት የከፋ መንደሮች የምድጃ እሳት የሚነደው ለምግብና ለቡና ብቻ አይደለም። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት በማይለቀው በዚህ የደን አገር ምሽቱ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም እህሉን ያሻግተዋል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ የበቆሎ ዘር ይቀመጣል፤ ኮረሪማና ጥምዝ ይደርቃል። ጭሱ የሳር ክዳኑን ከነፍሳትና ከብስባሴ ይጠብቃል፤ እሳቱ ደግሞ የቤቱን ሰው ያሞቃል። በገበያ የሚፈለገው የጥምዝ ልዩ ሽታ እንኳ ከዚሁ ጭስ የተገኘ ነው። ጭስን ከዕውቀት ማነስ የመጣ ጉዳት አድርጎ ብቻ የሚመለከት የጤና ባለሙያ ይህን ሁሉ አገልግሎት ሳያይ ያልፋል።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። እሳቱ የሚነድበት ቤት ብዙ ጊዜ የመኝታም ቤት በመሆኑ፣ ከምድጃው ዳር የማትርቀው እናትና በጀርባዋ የታዘለው ሕፃን ከሌላው የቤተሰብ አባል ይበልጥ ጭሱን ይተነፍሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በዓለም ዙሪያ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የአየር ማጽጃና ማጣሪያ መሣሪያዎች ስም በከተሞች እየተለመደ በመጣበት በአሁኑ ጊዜ፣ መሣሪያው ለገጠሩ ቤትስ አይጠቅምም ወይ የሚል ጥያቄ ለጤና ባለሙያው መቅረቡ አይቀርም። ለመመለስ የመሣሪያውን አመጣጥ ማየት ይጠቅማል።

ንጹሕ አየር የሕክምና አካል መሆኑን አጥብቀው ከተከራከሩት አንዷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ አስታማሚነት ባሳተመችው መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድማ ያነሳችው የአየርን ጉዳይ ነው። የሕመምተኛው ክፍል አየር እንደ ውጭው አየር ንጹሕ እንዲሆን፣ ይህም ሲደረግ ሕመምተኛውን እንዳይበርደው አሳሰበች። ሁለተኛዋ ማሳሰቢያ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። ለሺሺንዳ ግን ዋናዋ እርሷ ናት፤ «መስኮት ክፈቱ» የሚለውን ምክር የምሽቱ ብርድ ይሽረዋልና።

በናይቲንጌል ዘመን የለንደን ቤቶች ጭስ ማውጫ ስለነበራቸው ጭሱ ከክፍሉ ወጥቶ በከተማዋ ላይ ይከማች ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለአምስት ቀናት ያህል የቆየው የጭስ ጉም በመጀመሪያው ቆጠራ ወደ 4,000፣ በኋላ በተደረገ ስሌት ደግሞ እስከ 12,000 ለሚደርስ ሞት ምክንያት ሆነ። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1956 የንጹሕ አየር ሕግን ሲያወጣ የመረጠው መንገድ ጭስ የሚያበዛውን ነዳጅ ከተከለሉ ሰፈሮች ማስወጣት ነበር። ለንደን አየሯን አላጣራችም፤ ማገዶዋን ለወጠች።

ማጣሪያው የመጣው በሌላ በር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የአቶም ቦምብ ስትሠራ ራዲዮአክቲቭ ብናኝን ለመያዝ የተዘጋጀው ማጣሪያ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሄፓ በሚል ስም ወደ ፋብሪካና ወደ ሆስፒታል ገባ። መስፈርቱም 0.3 ማይክሮን መጠን ካላቸው ብናኞች ቢያንስ 99.97 በመቶውን መያዝ ነው። ወደ መኖሪያ ቤት በመግባት ረገድ ከቀደምቶቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1963 በጀርመን የሃመስ ወንድማማቾች ያቀረቡት፣ በድንጋይ ከሰል ምድጃ የአየር መውጫ ላይ የሚገጠም ቀላል ማጣሪያ ይጠቀሳል። የጀርመኑ ምድጃ የራሱ ጭስ ማውጫ ነበረው፤ ለማጣሪያው የቀረው ሥራ ግድግዳ የሚያጠቁረውን ትርፍራፊ ጥቀርሻ መያዝ ነበር። እንግዲህ ማጣሪያ የተፈለሰፈው ጭሱ አስቀድሞ በሌላ መንገድ ለወጣለት ቤት ነው።

የሺሺንዳው የሳር ቤት ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። እሳቱ በመካከል ይነዳል፤ ጭሱ በክዳኑ ቀዳዳና በበሩ ቀስ እያለ ይወጣል። የአየር ማጽጃ መሣሪያ የሚሠራው በአንጻራዊነት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለውን አየር ደጋግሞ በማዞር ስለሆነ፣ አየሩ በየቀዳዳው በሚተካበትና ብናኙ ከሦስቱ ጉልቻ ሳያቋርጥ በሚመነጭበት ቤት ከምንጩ ጋር መወዳደር አይችልም። ማጣሪያውም በጥላሸት ቶሎ ይደፈናል። ከሁሉ በላይ ሄፓ ካርቦን ሞኖክሳይድን ፈጽሞ አይዝም። የኤሌክትሪክ መቆራረጥና የመለዋወጫው ዋጋ እንኳ ባይነሣ መሣሪያው ለዚህ ቤት አልተሠራም።

በአፍሪካ ጉዳዩ በሐኪሞች ዓይን ከገባ ቆይቷል። ሶፎሉዌ የተባሉት ናይጄሪያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 በሌጎስ የሳምባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ስለሚኖሩባቸው ቤቶች ጭስ ጽፈዋል። ከርክ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1981 በሕንድ ጉጃራት በምግብ አብሳይ ሴቶች ላይ መለኪያ አስሮ የሚተነፍሱትን ብናኝ ለካ። በአገራችን በቡታጅራ ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በቤቶች ውስጥ በ24 ሰዓት የተለካው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በአማካይ 97 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ መሆኑን አሳየ፤ ይህም በወቅቱ ከነበረው የዓለም ጤና ድርጅት ዓመታዊ ወሰን፣ ማለትም ከ40፣ ከእጥፍ በላይ ነው። በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ደግሞ የደቃቁን ብናኝ (ፒኤም 2.5) መጠን 818 ገደማ አገኘው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው የ24 ሰዓት ወሰን፣ ከ15፣ ጋር ሲነጻጸር ከ50 እጥፍ ይበልጣል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ የተሻሻለ ምድጃ የተወለደው ከጤና ቢሮ አልነበረም። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃና ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢነርጂ ባለሙያዎች የተዘጋጁት ማገዶ ለመቆጠብ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ተነገረለት። ወደ ከፋም በዚያው መንፈስ ገባ። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ፣ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በዞኑ ባካሄደው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎች ተሠራጩ። ዓላማው የዱር ቡናውን ደን ማዳን ነበርና በዚያ ረገድ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም መደበኛው ምርጥ ምድጃ ጭሱን ከቤት የሚያስወጣ ረጅም ቱቦ የለውም፤ ከዚህም ሌላ የእንጀራ ምድጃ ነው። ጎመን የሚቀቀልበትና ቡና የሚፈላበት እሳት በአብዛኛው በጉልቻው ላይ ይቀራል።

ማገዶ የሚቆጥብ ሁሉ ሳምባን ያድናል የሚለው ግምት በሙከራ ሲፈተሽ ውጤቱ ብዙዎችን አሳዝኗል። በጓቴማላ ከ500 በላይ ቤተሰቦች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሙከራ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከባድ የሳምባ ምችን እንደቀነሰ ቢጠቁምም፣ በጠቅላላው የሳምባ ምች ላይ ያሳየው ቅነሳ በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የማላዊ ሙከራ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን አካቶ ለውጥ አላገኘም። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከ5,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሙከራም በታችኛው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ላይ ጉልህ ቅነሳ አላሳየም። በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ጋዝ በነጻ የተሰጠበት ትልቅ ሙከራ እንኳ፣ ብናኙን በእጅጉ ቢቀንስም እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 በወጡት ዘገባዎች የልደት ክብደትንም ሆነ የሕፃናትን የሳምባ ምች በጉልህ አልለወጠም።

እነዚህ ውጤቶች ጭስ አይጎዳም ማለት አይደሉም። በቂ ዕድሜ ያላገኘ፣ የቀኑን እሳት በከፊል ብቻ የሚነካ ወይም ከጎረቤት የሚመጣውን ጭስ የማያቆም ለውጥ በአንድና ሁለት ዓመት ክትትል የሕፃንን ሕመም ለመቀነስ አልበቃም ማለት ይሆናል። ከዚህ አንጻር ባለሙያው ለእናቲቱ «ይህን ምድጃ ብትይዢ ልጅሽ ምች አይዘውም» ብሎ ቃል ሊገባላት አይገባም። የዓይን ማቃጠሉና ሳሉ እንደሚቀልላት፣ የማገዶ ሸክሟም እንደሚቀንስ ቢነግራት ግን ተገቢ ነው። የሕፃኑን ሕይወት በተመለከተ ከምድጃው ይልቅ የተጨበጠ ማስረጃ ያላቸው ሌሎች ናቸው፦ በ2004 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የኒሞኮካል ክትባትና በዚያው ወቅት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የተፈቀደላት የሳምባ ምች ሕክምና።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱን ለጤናማ የቤት አያያዝ መስጠቱ ይታወሳል። ማጀትን ከመኝታ መለየት፣ ሕፃኑን ከምድጃ ማራቅ፣ ደረቅ እንጨት መጠቀም፣ ከምድጃው በላይ የጭስ መውጫ መክፈት የሚሉት ምክሮች ርካሽና ትክክለኛ ናቸው። ከሰልን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጭስ ስለሌለው ጉዳት የለውም ብሎ በምሽት ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባው ብዙ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሳይሸት ይገድላል። ማጣሪያ የሚመከረው በኤሌክትሪክ ለሚያበስልና አስም ላለበት የከተማ ቤተሰብ ነው።

የተለየ ማጀት ሲሠራ ቆጡም አብሮ መሄድ አለበት። ኮረሪማው፣ ጥምዙና የበቆሎው ዘር በዋናው ቤት ከቀሩ ለእነርሱ ሲባል በዚያው ቤት ሁለተኛ እሳት ይነዳል፤ አዲሱ ማጀትም ብዙ ሳይቆይ የማገዶ ማከማቻ ይሆናል።